በሬዲዮ የሚመራ ሞዴል አውሮፕላን ሠርቶ ለበረራ ማዘጋጀት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሞዴል አውሮፕላን የሚከሰከሰው ሜዳ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው ቤት ውስጥ፣ ጠረጴዛ ላይ ነው። በደንብ ያልደረቀ ሙጫ፣ ወደ ጅራት ያደላ ሚዛን፣ በተቃራኒው የሚንቀሳቀስ ኤለሮን (በክንፉ የኋላ ጠርዝ ላይ ያለው፣ አውሮፕላኑን ወደ ጎን የሚያዘነብለው መሪ)፣ ሳይሞላ የተገጠመ ባትሪ፤ አንዳቸውም አየር ላይ አይስተካከሉም። ከዚህ በታች ያሉት አዲስ ሠሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ናቸው። በሥራው ቅደም ተከተል አስቀምጫቸዋለሁ። የማወራው በኤሌክትሪክ ሞተር ስለሚበሩት ነው፤ የነዳጅ ሞተር የራሱ ሰፊ ጉዳይ ስላለው እዚህ አላነሣውም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ምን ዓይነት አውሮፕላን ልሥራ?

ክንፉ ከአካሉ በላይ የተቀመጠ፣ የክንፉ ጫፎች ከመሃሉ ትንሽ ከፍ ያሉ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ ከ1.2 እስከ 1.5 ሜትር የሚሆን የመለማመጃ አውሮፕላን ሥሩ። ጫፎቹ ከፍ ያሉት ለውበት አይደለም። አውሮፕላኑ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ወደዚያው ጎን ይንሸራተታል። በዚያን ጊዜ ዝቅ ያለው ክንፍ አየሩን በሰፋ ማዕዘን ስለሚያገኘው ከሌላኛው የበለጠ ወደ ላይ ይነሣል፣ አውሮፕላኑም ራሱን ያቃናል። ጀማሪ ሲደናገጥ ስቲኩን፣ ማለትም የሪሞቱን መምሪያ ዘንግ፣ ለቀቅ አድርጎ ፋታ የሚያገኘው በዚህ ነው።

የብዙ ሰው ልብ የሚሄደው ግን ወደ ጦር አውሮፕላኖቹ ነው፤ ወደ ስፒትፋየር፣ ወደ ፒ-51 ማስታንግ። በእርግጥም ያምራሉ። ችግሩ ከክብደታቸው አንጻር ክንፋቸው ትንሽ ነው፣ ወደ ጫፉም እየጠበበ ይሄዳል። ፍጥነት ሲቀንስ አንዱ ክንፍ ሳያስጠነቅቅ ይከዳል፣ ማለትም አውሮፕላኑን መሸከም ያቆማል። ለሦስተኛ ወይም ለአራተኛ አውሮፕላን አቆዩአቸው።

አንድ አውሮፕላን ገራም መሆን አለመሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት በስሌት መገመት ትችላላችሁ። ለበረራ ዝግጁ ሲሆን የሚመዝነውን ግራም ለክንፉ ስፋት በካሬ ዴሲሜትር አካፍሉት። ክንፉ 125 ሴንቲ ሜትር ርዝመትና 20 ሴንቲ ሜትር ወርድ ካለው ስፋቱ 2,500 ካሬ ሴንቲ ሜትር፣ ማለትም 25 ካሬ ዴሲሜትር ነው። ክብደቱ 1,000 ግራም ከሆነ ውጤቱ 40 ይመጣል። በዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን ከ30 እስከ 50 ያለው ለመማር ይመቻል። ቁጥሩ ባደገ መጠን አየር ላይ ለመቆየትም ሆነ ለማረፍ የሚያስፈልገው ፍጥነት ይጨምራል።

ከፎም ይሻላል ወይስ ከባልሳ እንጨት?

ለመጀመሪያው ፎም። ሲወድቅ ብዙ ጊዜ ለሁለት ለሦስት ይሰበራል እንጂ አይደቅም፤ ማታውኑ አጣብቃችሁ በማግስቱ ታበሩታላችሁ። ፎም ስል ለሞዴል የሚዘጋጁትን ጠንከር ያሉና የሚተጣጠፉ ዓይነቶች ማለቴ ነው፤ ዕቃ የሚታሸግበት ነጩ ፎም ግን በቀላሉ ይፈረፈራል።

ባልሳ ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ውጤቱ ግን ሌላ ነው። ለሞዴል የሚመረጠው ባልሳ በሜትር ኩብ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ብቻ ይመዝናል፤ ያው መጠን ያለው ውሃ 1,000 ኪሎ ግራም ነው። ከዚህ ቀላል እንጨት ምን እንደሚሠራ ለማየት ቲኤኤም-5 የተባለችውን ሞዴል ማንሣት ይበቃል። ሜይናርድ ሂል ከባልደረቦቹ ጋር የሠራት ይህች አውሮፕላን በነሐሴ 2003 እ.ኤ.አ. ከካናዳ ኒውፋውንድላንድ ተነሥታ አትላንቲክን አቋርጣ አየርላንድ አረፈች። ክብደቷ ነዳጇን ጨምሮ ከ5 ኪሎ ግራም አይበልጥም ነበር፤ ወደ 3,000 ኪሎ ሜትር የሚጠጋውን መንገድ የጨረሰችው ከ38 ሰዓት በላይ በርራ ነው። ሂል በዚያን ጊዜ የዓይኑ ብርሃን እጅግ ደክሞ ነበር። የባልሳ ቁራጭ በእጄ ስይዝ ይህችን አውሮፕላን ሳላስባት አላልፍም።

የትኛውን ሙጫ ልጠቀም?

መጀመሪያ የምታጣብቁትን ነገር እወቁ። ተራው ሱፐር ግሉ ነጩን ፎም እንደ ጨው ያሟሟዋል፤ ጠብ ባደረጋችሁበት ቦታ ጉድጓድ ይቀራል። ለፎም ተብሎ የተዘጋጀ ሱፐር ግሉ አለ። ያም ቢሆን መጀመሪያ ከማይታይ ቦታ ወይም ከተቆረጠ ትርፍራፊ ላይ ሞክሩት።

ሞተሩ የሚታሰርበት ግድግዳ፣ የክንፉ መጋጠሚያና የጎማዎቹ እግር ግን ኢፖክሲ ይፈልጋሉ። በ5 ደቂቃ የሚደርቀው ለጥቃቅን ሥራ ይበቃል። ጭነት ለሚሸከም ቦታ ግን በ30 ደቂቃ የሚደርቀውን ተጠቀሙ፤ ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ ወደ እንጨቱ ይሰርጋል፣ እናንተም ለማስተካከል ጊዜ ታገኛላችሁ። ሁለቱን ፈሳሾች እኩል ለኩ፣ ቢያንስ ለአንድ ደቂቃ አማስሉ። በደንብ ያልተማሰለ ኢፖክሲ በነጋታውም ጣት ላይ ይጣበቃል። ያ መጋጠሚያ አይታመንም፤ ፍቃችሁ እንደገና ሥሩት። መስኮት መክፈትም አትርሱ።

ጅራት አካባቢ በሙጫ ቆጥቡ። ጅራቱ ከሚዛኑ ነጥብ እጅግ ስለሚርቅ፣ እዚያ የተጨመረችን አንዲት ግራም ለማካካስ አፍንጫው ላይ ሁለት ሦስት ግራም መጨመር ግድ ይሆናል።

ክንፉና ጅራቱ ቀጥ ብለው መግጠማቸውን በምን አውቃለሁ?

በክር። ክሩን ከአካሉ የኋላ ጫፍ መሃል ላይ በስፒል ያዙት፣ እስከ ቀኙ ክንፍ ጫፍ ዘርጉትና የደረሰበትን ቦታ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ያንኑ ክር ወደ ግራው ጫፍ አዙሩት። ምልክቱ እኩል ካልመጣ ክንፉ ተጣሟል። ከዚያ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳችሁ አንድ ዓይናችሁን ጨፍኑና ከጅራቱ በኩል ተመልከቱ። አግድሙ ጅራት ከክንፉ ጋር ትይዩ፣ ቀጥ ብሎ የቆመው ደግሞ ከአግድሙ ጋር 90 ዲግሪ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ ሙጫው ሳይደርቅ አድርጉት።

ክንፉ ራሱ የተጠማዘዘ ከሆነ፣ ማለትም የአንዱ ጎን የኋላ ጠርዝ ከሌላው ጎን ከፍ ወይም ዝቅ ካለ፣ አውሮፕላኑ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን መጠቅለል ይፈልጋል። በፕላስቲክ ሽፋን የተለበጠ የባልሳ ክንፍ በሙቀት ይቃናል፤ ወደ ተቃራኒው ጠምዝዛችሁ እንደያዛችሁ ሽፋኑን አሙቁት፣ እስኪቀዘቅዝም አትልቀቁት።

ሰርቮዎቹን እንዴት ነው የምገጥመው?

ሰርቮ ማለት ከሪሞቱ የሚመጣውን ትእዛዝ ወደ እንቅስቃሴ የሚለውጠው ትንሽ ሞተር ነው። አንድ ሜትር ገደማ ላለው አውሮፕላን 9 ግራም የሚመዝነው የተለመደ ነው። ሪሲቨሩ፣ ማለትም አውሮፕላኑ ውስጥ ሆኖ የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው ዕቃ፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ያህል ምት ይልክለታል። ምቱ 1.5 ሚሊ ሰከንድ ሲረዝም ሰርቮው መሃል ላይ ይቆማል፤ ወደ 1 ሲያጥር ወደ አንዱ፣ ወደ 2 ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን ይዞራል።

ስለዚህ የሰርቮውን ክንድ በብሎን ከማሰራችሁ በፊት ኃይል ስጡት፣ ሪሞቱን አብሩ፣ ትሪሞቹን፣ ማለትም የመሪዎቹን መሃል በጥቂቱ የሚያስተካክሉትን የሪሞቱን ቁልፎች፣ ዜሮ ላይ አድርጉ። ሰርቮው መሃሉን ራሱ ያገኛል። ክንዱን ሰርቮውን ከመሪው ከሚያገናኘው ሽቦ ጋር 90 ዲግሪ አድርጋችሁ የምትገጥሙት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ቅደም ተከተል የዘለለ ሰው ኤሌቬተሩ (አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገው የአግድሙ ጅራት መሪ) ወደ ላይ ብዙ፣ ወደ ታች ጥቂት የሚሄድበትን ምክንያት ሲፈልግ ይውላል።

ሽቦውን በክንዱ የውስጥ ቀዳዳና በመሪው ቀንድ (መሪው ላይ በተገጠመው፣ ሽቦው በሚታሰርበት ትንሽ ክንድ) የውጭ ቀዳዳ ብታስገቡት እንቅስቃሴው ያንሳል፣ ጉልበቱና ጥራቱ ግን ይጨምራል። የቀንዱ ቀዳዳዎች በትክክል ከማጠፊያው መስመር በላይ ይዋሉ። ከዚያ ጆሯችሁን ጠጋ አድርጉ። ስቲኩን ሳትነኩት ሰርቮው ዝም ካላለና «ዝዝዝ» ማለቱን ከቀጠለ የሆነ ነገር ይዞታል፤ ሽቦው ታጥፏል፣ ወይም ማጠፊያው ጠብቋል። እንዲህ የሚታገል ሰርቮ ባትሪ ይበላል፣ ይግላል፣ መጨረሻም ይቃጠላል።

እያንዳንዱን ማጠፊያ ደግሞ በጣታችሁ ጠበቅ አድርጋችሁ ጎትቱት። መላቀቁ ካልቀረ አሁን ጠረጴዛው ላይ ይላቀቅ።

ሞተር፣ ፕሮፔለር፣ ስፒድ ኮንትሮለርና ባትሪ እንዴት ይመጣጠናሉ?

ከክብደቱ ተነሡ። ለመለማመጃ አውሮፕላን በኪሎ ግራም ከ150 እስከ 220 ዋት ይበቃል። አውሮፕላኑ 1 ኪሎ ግራም ቢመዝን ወደ 200 ዋት ማለት ነው። ባለ ሦስት ሴል ባትሪ 11.1 ቮልት ስለሆነ 200 ሲካፈል ለ11.1 ወደ 18 አምፒር ይሰጣል። ስፒድ ኮንትሮለሩ፣ ማለትም ለሞተሩ የሚሄደውን ኃይል የሚመጥነው ዕቃ፣ ከዚህ ከፍ ይበል፤ 30 አምፒር የሚችለውን ግዙ።

ሞተሩ ላይ «ኬቪ» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር በአንድ ቮልት በደቂቃ ስንት ጊዜ እንደሚዞር ይናገራል። 1,000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት ምንም ሳይሸከም 11,100 ዙር ይሽከረከራል፤ ፕሮፔለር ሲገጠምለት ይቀንሳል። ፕሮፔለሩ ላይ 10 በ5 የሚል ካያችሁ የመጀመሪያው ቁጥር ዳር እስከ ዳር 10 ኢንች መሆኑን፣ ሁለተኛው በአንድ ዙር በሐሳብ ደረጃ 5 ኢንች ወደ ፊት መሄዱን ያመለክታል። ከታዘዘው ተለቅ ያለ ፕሮፔለር መግጠም አምፒሩን በፍጥነት ያንረዋል፣ ኮንትሮለሩም ይቃጠላል። ዋት ሜትር ካላችሁ በባትሪውና በኮንትሮለሩ መካከል አስገብታችሁ ለኩ፤ ከግምት ያድናችኋል።

ሦስት ነገሮች ደጋግመው ይሳሳታሉ። ፕሮፔለሩ ቁጥር የተጻፈበት ፊቱ ወደ በረራው አቅጣጫ ይዙር፤ ተገልብጦ ቢገጠምም አየር ስለሚገፋ ብዙዎች ሳያስተውሉት ያበራሉ፣ ጉልበቱ ግን እጅግ ይቀንሳል። ሞተሩ በተቃራኒው ከዞረ ወደ ሞተሩ ከሚሄዱት ሦስት ሽቦዎች ሁለቱን አለዋውጡ፤ ከባትሪው የሚመጡትን ቀይና ጥቁር ግን በፍጹም አታለዋውጡ። በመጨረሻም ሞተሩ ትንሽ ወደ ታችና ወደ ቀኝ አዘንብሎ ካያችሁት ስሕተት መስሏችሁ አታቅኑት። ሁለት ሦስት ዲግሪ የሚያክለው ይህ ማዘንበል የፕሮፔለሩን ወደ ግራ የመሳብ ዝንባሌና ጋዝ (የሞተር ኃይል) ሲሰጥ አፍንጫ የመነሣቱን ነገር ለማብረድ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው።

ጠረጴዛ ላይ ስትሠሩ ፕሮፔለሩን አውልቁት። ይህን እለምናችኋለሁ። ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ጣት ሲያገኝ አይቆምም፤ እንደ ነዳጅ ሞተር አይጠፋም፣ ይልቁንም ለመዞር የበለጠ ይታገላል።

ስለ ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ ምን ማወቅ አለብኝ?

ከሁሉም ዕቃ ጥንቃቄ የሚሻው እሱ ነው። አንድ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት፣ በአማካይ 3.7 ቮልት ነው። ከ3.0 ቮልት በታች ከወረደ ይጎዳል፤ ስለዚህ ሞተሩ ቆሞ ሲለካ 3.5 አካባቢ ላይ በረራ ማቆም ጥሩ ልማድ ነው። ለባለ ሦስት ሴል 10.5 ቮልት መሆኑ ነው።

ቻርጅ የሚደረግበት አምፒር ከባትሪው መጠን ጋር እኩል ይሁን። 2,200 ሚሊ አምፒር ሰዓት ከሆነ 2.2 አምፒር። ሴሎቹን እኩል የሚያደርገውን ትንሹን ነጭ ሶኬት ሁልጊዜ ሰኩት፣ ቻርጀሩም ለሊፖ የተሠራ ይሁን። ባትሪው ላይ 25 ሲ ከተባለ 25 በ2.2 ተባዝቶ እስከ 55 አምፒር ያወጣል ማለት ነው። አምራቾች በዚህ ቁጥር ስለሚለጥጡ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ያለውን ምረጡ።

ቻርጅ ስታደርጉ አጠገቡ ሁኑ። በእንጨት ጠረጴዛ ወይም ምንጣፍ ላይ ሳይሆን በሴራሚክ ወይም በሲሚንቶ ወለል ላይ አስቀምጡት፣ አሸዋ የያዘ ባልዲም በቅርብ ይኑር። ተኝታችሁ ወይም ከቤት ወጥታችሁ በፍጹም አይሆንም። ያበጠ፣ የተበሳ ወይም በአደጋ የተጨፈለቀ ባትሪ ጤነኛ ቢመስልም ከቤት አውጡት፤ ከተመታ ከብዙ ደቂቃ በኋላ የሚነድ አለ። ከሳምንት በላይ የማታበሩ ከሆነ ሞልታችሁ አታስቀምጡት፤ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ ይደር።

ሪሞቱና ሪሲቨሩ መነጋገራቸውን እንዴት ላረጋግጥ?

የዛሬዎቹ ሪሞቶች በ2.4 ጊጋኸርዝ የሚሠሩ ሲሆኑ ከሪሲቨራቸው ጋር አንድ ጊዜ ይተዋወቃሉ፤ ከዚያ በኋላ የጎረቤት ሪሞት አይረብሻቸውም። በድሮዎቹ በ35 ወይም በ72 ሜጋኸርዝ ዓይነቶች ሁለት ሰዎች በአንድ ቻናል ሪሞት ከከፈቱ አንደኛው አውሮፕላን መሬት ላይ ይገኝ ነበር።

ስታበሩ ሪሞቱን አስቀድሙ፣ ስታጠፉ መጨረሻ ላይ አጥፉት። የሪሲቨሩ ሁለት አንቴናዎች እርስ በርሳቸው 90 ዲግሪ ሆነው ከባትሪውና ከካርቦን ዘንጎች ይራቁ። ፌይልሴፍ የሚባለውን፣ ማለትም ግንኙነት ሲቋረጥ ሪሲቨሩ የሚወስደውን እርምጃ፣ ሞተር እንዲያጠፋ አድርጋችሁ ሙሉት። ከዚያ ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ ሪሞቱን አጥፉና ሞተሩ መቆሙን በዓይናችሁ እዩ። ሪሞቱ ኃይሉን ቀንሶ ርቀት የሚፈትንበት ክፍል አለው፤ በዚያ ላይ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ያህል ራቁ፣ ሰርቮዎቹ ሳይንቀጠቀጡ መታዘዛቸውን ጓደኛችሁ ይመልከት።

የሚዛኑን ነጥብ የት ላይ ነው የምፈልገው? ለምንስ ነው ይህን ያህል የሚወራለት?

ከዚህ ገጽ አንድ መልስ ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይህንን አንብቡ።

ክንፉ አራት ማዕዘን ከሆነ ነጥቡ ከክንፉ የፊት ጠርዝ ጀምሮ ከወርዱ ከ25 እስከ 30 በመቶ ላይ ይገኛል። ወርዱ 20 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ከ5 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር። መመሪያው ቁጥር ከሰጣችሁ መመሪያውን ተከተሉ። ወደ ጫፍ የሚጠብ ወይም ወደ ኋላ የተሳበ ክንፍ ግን አማካይ ወርዱ ይሰላለታል፤ በግንዱ በኩል ለክታችሁ አትጨርሱ።

ባትሪውን ጨምሮ ሁሉንም ዕቃ በቦታው አስገቡ። ነጥቡን በክንፉ ሥር በግራና በቀኝ፣ ከአካሉ ጥቂት ራቅ አድርጋችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉ። ከዚያ በሁለት ጠቋሚ ጣቶቻችሁ ከሥር አንሡት። ክንፉ ከአካሉ በታች የሆነውን አውሮፕላን ገልብጣችሁ አንሡት። አፍንጫው በጣም ጥቂት ወደ ታች ዘንበል ብሎ ከቆመ ለመጀመሪያ በረራ ጥሩ ነው። ጅራቱ ከወረደ አታብሩት።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሚዛኑ በቦታው ሲሆን ንፋስ አፍንጫውን ቢያነሣው ጅራቱ መልሶ ያወርደዋል። ሚዛኑ ወደ ኋላ ሲሸሽ ይህ የመመለስ ጠባይ እየደከመ ይሄድና ከአንድ ነጥብ በኋላ ጨርሶ ይጠፋል። አፍንጫው ከተነሣ ይብሱን ይነሣል። ኤሌቬተሩን በጥፍር ብትነኩት አውሮፕላኑ ይዘላል፤ ልታወርዱት ስትሉ ይደፋል፤ ፍጥነቱ ያልቅና ክንፉ ይከዳል። ልምድ ያለው ሰው እንኳ እንዲህ ያለውን በሰላም ለማሳረፍ ይቸገራል። ወደ ፊት የከበደው ግን ሰነፍ ይሆናል፣ ለማረፍ ፍጥነት ይፈልጋል እንጂ ይታዘዛል።

ለማስተካከል መጀመሪያ ባትሪውን ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ አንቀሳቅሱ፣ የተስማማበትንም ቦታ በቀለም አስምሩ፤ በየበረራው እዚያው ይመለስ። ካልበቃ ብቻ አፍንጫው ላይ የእርሳስ ብረት ጨምሩ። 30 ግራም መጨመር ያሳሰበው ሰው ጅራት የከበደ አውሮፕላን ሲያነሣ አይቻለሁ፤ በረራው ክንፉን ለማጣበቅ ከወሰደበት ደቂቃ ያጠረ ነበር። በመጨረሻም አፍንጫውንና ጅራቱን ይዛችሁ አንሡትና አንዱ ክንፍ የሚወርድ ከሆነ በሌላው ጫፍ ላይ ሳንቲም የምታክል ክብደት ለጥፉ።

መሪዎቹ በትክክለኛው አቅጣጫ መንቀሳቀሳቸውን እንዴት አያለሁ?

ከአውሮፕላኑ ኋላ ቁሙ፣ አፍንጫው ወደ ፊታችሁ ይመልከት። ስቲኩ ወደ ቀኝ ሲሄድ የቀኙ ኤለሮን ወደ ላይ፣ የግራው ወደ ታች ይሄዳል። የኤሌቬተሩን ስቲክ ወደ ራሳችሁ ስትስቡ ኤሌቬተሩ ወደ ላይ ይነሣል። ረደሩ፣ ማለትም የቆመው ጅራት መሪ፣ ወደ ቀኝ ስትሉት ወደ ቀኝ ይታጠፋል። የሚያታልለው እንቅስቃሴው ነው። ዓይን «ተንቀሳቀሰ» ብሎ ያልፋል፣ ወዴት እንደተንቀሳቀሰ አይጠይቅም። ስለዚህ ድምፅ አውጥታችሁ «ቀኝ፣ ቀኙ ወደ ላይ» እያላችሁ ፈትሹ።

ይህን የምለው ደርሶብኝ ነው። አንድ ቅዳሜ የተሰበረ ክንፍ ጠግኜ፣ አዲስ ሰርቮ ገጥሜ፣ ሜዳ ላይ ስቲኩን ግራ ቀኝ አንቀሳቅሼ ኤለሮኖቹ መታዘዛቸውን አየሁ። አነሣሁት። ትንሽ ወደ ግራ አዘነበለ፤ ቀኝ ሰጠሁት፤ የበለጠ ወደ ግራ አዘነበለ። የለመደ እጅ ደግሞ ሲባባስ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፣ ያንኑ መጨመር። ሦስት ሰከንድ አልሞላም። የሞተሩ ዘንግ መሬት ውስጥ ተሰክቶ፣ ክንፉ ልክ በጠገንኩበት መስመር ላይ ተቀዶ አገኘሁት። አዲሱ ሰርቮ ከአሮጌው በተቃራኒ ይዞር ነበር፣ ሪሞቱ ላይ አንድ ምልክት መገልበጥ ብቻ ነበር የቀረው። ከዚያ ወዲህ ሽቦ የነካሁበትን አውሮፕላን ከኋላው ቆሜ ጮክ ብዬ ሳልፈትሽ አንሥቼ አላውቅም።

መሪዎቹ ምን ያህል ይንቀሳቀሱ?

መመሪያው ካልነገራችሁ ለዚህ መጠን ላለ አውሮፕላን ኤለሮንና ኤሌቬተር ወደ ላይም ወደ ታችም ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ይበቃቸዋል። ማስመሪያ አጠገቡ አቁማችሁ ለኩ። ኤክስፖ የሚባለው ማስተካከያ ስቲኩ መሃል አካባቢ ያለውን እንቅስቃሴ ያለሰልሳል፤ 30 በመቶ ጥሩ መነሻ ነው። በአንዳንድ ሪሞት ቁጥሩ የሚገባው በመቀነስ ምልክት ነው። ከተሳሳተ መሃሉን ይበልጥ ስለታም ያደርገዋልና ጥቂት ስቲክ ሰጥታችሁ መሪው ቀስ ማለቱን እዩ።

ጋይሮ (የአውሮፕላኑን መዘንበል እየለየ መሪዎቹን በራሱ የሚያርም ዕቃ) ልግጠምበት?

ለጀማሪ ይረዳል፣ በተለይ ነፋስ ሲኖር። ነገር ግን የተሳሳተ ሚዛንን አያርምም። የእርማቱን አቅጣጫ ደግሞ ከስቲኩ ለይታችሁ ፈትሹ፦ አውሮፕላኑን በእጃችሁ ይዛችሁ ቀኙን ክንፍ ዝቅ ስታደርጉ የቀኙ ኤለሮን በራሱ ወደ ታች መሄድ አለበት። ወደ ላይ ከሄደ ጋይሮው አውሮፕላኑን ይጠቀልለዋል።

የት ላብርር? ፈቃድ ያስፈልጋል?

ከሰው፣ ከመንገድ፣ ከኤሌክትሪክ መስመርና ከአውሮፕላን ማረፊያ የራቀ ሰፊ ሜዳ ያስፈልጋችኋል። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። በብዙ አገሮች ከፍታው ከ120 ሜትር እንዳያልፍ ይደነገጋል፣ ከ250 ግራም ጀምሮ ምዝገባ የሚጠይቁም አሉ። ከመብረራችሁ በፊት የአገራችሁን የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ደንብ አንብቡ። አውሮፕላኑ ምንጊዜም ከዓይናችሁ አይሰወር።

የመጀመሪያውን በረራ እንዴት ልጀምር?

ከሜዳው በፊት ኮምፒውተር ላይ በሲሙሌተር ተለማመዱ፤ ጥቂት ሰዓታት እንኳ ጣትን ይለውጣሉ። ዕለቱን ስትመርጡ ቅጠል የማይንቀሳቀስበትን ማለዳ ምረጡ። ልምድ ያለው ሰው ካገኛችሁ የመጀመሪያውን እሱ ያብርላችሁ፣ ትሪሙን አስተካክሎ ሪሞቱን ይስጣችሁ።

ሁልጊዜ ወደ ነፋሱ ፊት ተነሡ። በእጅ የምትወረውሩ ከሆነ ሞተሩ ጉልበት ይዞ እያለ፣ ክንፎቹን እኩል አድርጋችሁ፣ በአግድም ልቀቁት፤ ጣታችሁን ከፕሮፔለሩ አርቁ። ወደ ሰማይ ሽቅብ የተወረወረ አውሮፕላን ፍጥነት ሳይዝ ይከዳል። ከተነሣ በኋላ 40 ወይም 50 ሜትር እስኪደርስ ለመታጠፍ አትቸኩሉ። ከፍታ ስሕተትን ለማረም ጊዜ ይሰጣል። እዚያ ጋዙን ወደ ግማሽ ቀንሱና ትሪሙን አስተካክሉ። ቀጥሎ በዚያው ከፍታ ጋዙን ዘግታችሁ ኤሌቬተሩን ቀስ በቀስ እየሳባችሁ ክንፉ የሚከዳበትን ጊዜ እዩት። ከማረፋችሁ በፊት ጠባዩን ብታውቁት ይጠቅማችኋል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አውሮፕላኑ ወደ ራሱ ሲመጣ ነው፤ ግራና ቀኝ ይገለበጡበታል። ዘዴው ዝቅ ብሎ ወደሚታያችሁ ክንፍ አቅጣጫ ስቲኩን መግፋት ነው፣ ከሥሩ ድጋፍ እንደምታስገቡለት። የሪሞቱን ሰዓት 5 ደቂቃ ላይ ሙሉት። ለማረፍም ወደ ነፋሱ ፊት ግቡ፣ በጋዝ ከፍታውን ተቆጣጠሩ፣ መሬት ሲቃረብ አፍንጫውን በጥቂቱ አንሡ። ሣሩ ረዘም ያለበት ቦታ ካለ እሱን ምረጡ።

ካረፈ በኋላስ?

ባትሪውን ወዲያው ንቀሉ። ሞተሩን፣ ኮንትሮለሩንና ባትሪውን በእጅ ንኩ፤ ለብ ማለት ያለ ነው፣ እጅ የማያስችል ከሆነ ግን ፕሮፔለሩ በዝቷል ወይም አየር አይገባም። የባትሪውን ቮልት ለኩና ከ5 ደቂቃ በረራ በኋላ የቀረውን በማስታወሻ ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩን ሰዓት የምታረዝሙት ወይም የምታሳጥሩት በእሱ ነው። ትሪሙ ብዙ ከተሳበ ሪሞቱን ወደ ዜሮ መልሳችሁ የሽቦውን ርዝመት ራሱን አስተካክሉ። የፕሮፔለሩን ጠርዝ በጥፍር ዳስሱ፤ ጥፍር የሚይዝ ስንጥቅ ካለው ይጣል። የክንፉን ብሎኖች እንደገና አጥብቁ፣ ከዚያም ሌላ ባትሪ አስገቡ።